ዌብሳይት ልትከፍቱ ነው? መጀመሪያ መውጫውን እዩ

«ዊክስ ይሻላል ወይስ ወርድፕረስ?» ይህን የማይጠይቀኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። እኔ ደግሞ ጥያቄን በጥያቄ የመመለስ ክፉ ልማድ አለብኝ። «ዶሜይኑ በማን ስም ነው የተገዛው?» እላለሁ፤ የዌብሳይቱን አድራሻ ስም ማለቴ ነው። ዝም ይላሉ። አብዛኛው ሰው አያውቀውም።

እኔም አላውቅም ነበር። የመጀመሪያውን ዌብሳይቴን የሠራልኝ ልጅ ዶሜይኑን የገዛው በራሱ ኢሜይልና በራሱ ካርድ ነበር። ክፋት አልነበረበትም፤ ሥራው እንዲፈጥን ብሎ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራ ቀየረ። ካርዱም ተቀየረ። የእድሳት ማስታወሻው ከፍቶት በማያውቀው ኢሜይል ውስጥ ተቀብሮ ቀረ። አንድ ጠዋት ገጼን ስከፍት የማላውቀው ማስታወቂያ መጣ። ስሙን ሌላ ሰው ወስዶታል። ጽሑፉ ሁሉ ሰርቨሩ ላይ በሰላም ተቀምጧል፤ የሚያደርሰው መንገድ ግን የለም።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያ ስመርጥ ውበቱን ሁለተኛ ላይ ነው የማየው። መጀመሪያ የማየው ልወጣ ስል ምን ይዤ እንደምወጣ ነው። ይህ መመሪያም የተጻፈው በዚያ ዓይን ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እንለየው

አንድ ዌብሳይት አራት ነገር ይፈልጋል። ዶሜይን፣ ማለትም ሰው አድራሻ ላይ የሚጽፈው ስም። ሆስቲንግ፣ ማለትም ፋይሎቹ የሚቀመጡበት 24 ሰዓት የማይጠፋ ኮምፒውተር፤ ሰርቨር የምንለው። ሶፍትዌር፣ ማለትም ገጹን አሰናድቶ ለጎብኚው የሚያሳየው ፕሮግራም። አራተኛው የእናንተ ይዘት ነው፤ ጽሑፉ፣ ፎቶው፣ የደንበኛው ዝርዝር።

እንደ ዊክስ፣ ስኩዌርስፔስና ሾፒፋይ ያሉት መድረኮች ሁሉን በአንድ አካውንት፣ በአንድ ክፍያ ጠቅልለው ይሰጧችኋል። ገብታችሁ ቴምፕሌት (ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ የገጽ ንድፍ) ትመርጣላችሁ፣ ጽሑፍ ትለጥፋላችሁ፣ ማታ ዌብሳይት አላችሁ።

በሌላው መንገድ ሁሉም ለየብቻ ነው። ሶፍትዌሩን (ወርድፕረስ፣ ጁምላ፣ ድሩፓል ወይም ሌላ) በነጻ ታወርዳላችሁ። ሆስቲንግ ከፈለጋችሁት ድርጅት ትከራያላችሁ። ዶሜይን ከሌላ ቦታ ትገዛላችሁ። ከዚያ ታገናኟቸዋላችሁ።

አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። ወርድፕረስ የሚባል ስም ያለው ሁለት ነገር ነው። ወርድፕረስ ዶት ኦርግ ላይ የሚገኘው ማንም አውርዶ በፈለገው ሰርቨር ላይ የሚጭነው ክፍት ሶፍትዌር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትና ቀኖችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ወርድፕረስ ዶት ኮም ደግሞ አውቶማቲክ የተባለው ኩባንያ ያንኑ ሶፍትዌር በራሱ ሰርቨር ላይ አድርጎ የሚያከራይበት አገልግሎት ነው። ሰው «ወርድፕረስ ነው የምጠቀመው» ሲላችሁ የትኛውን እንደሆነ ጠይቁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ወርድፕረስ ስል የሚጫነውን ማለቴ ነው።

መሐል ላይ ያለም አለ። «ማኔጅድ ሆስቲንግ» ይሉታል። ሶፍትዌሩ የእናንተ ሆኖ አፕዴቱን (ማደሱን) እና ባክአፑን (ተጠባባቂ ቅጂ መያዙን) ሆስቲንግ ድርጅቱ ይሠራላችኋል። ዋጋው ወደድ ይላል። ለብዙ ሰው ግን ትክክለኛው መልስ እዚያ ነው ያለው፤ ከነመኖሩ የሚያውቀው ጥቂት ስለሆነ ነው የማይመረጠው።

ደረጃ 1፦ ዌብሳይቱ የሚሠራላችሁን አንድ ሥራ ጻፉ

ወረቀት አውጡ። «ዌብሳይት ያስፈልገኛል» ሥራ አይደለም። «ሰው ስልኬን አግኝቶ እንዲደውልልኝ» ሥራ ነው። «ዕቃ መርጦ፣ ከፍሎ እንዲላክለት» ሥራ ነው። «በየሳምንቱ የምጽፈውን እንዲያነብ» ሥራ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። ከሥሩ «ያለዚህ አይሆንም» የምትሉትን ሦስት ነገር ጨምሩ።

ይህች ወረቀት ግማሹን ምርጫ ትጨርሰዋለች። አምስት ገጽ ላለውና በዓመት ሁለቴ ለሚነካ ዌብሳይት ሰርቨር መንከባከብ ጣጣ ማብዛት ነው። ሁሉን በአንድ የያዘውን ያዙ። መቶ ሁለት መቶ ጽሑፍ ለሚጠራቀምበት፣ አባላት ለሚገቡበት፣ ወይም የራሱ የሆነ ለየት ያለ አሠራር ላለው ሥራ ግን ለብቻ የሚጫነው ያዋጣል። መድረኮቹ ያላሰቡትን ነገር ስትፈልጉ መልሳቸው «አይቻልም» ነው፤ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ግን መልሱ ብዙ ጊዜ «ስንት ያስወጣል?» ይሆናል።

ሱቅ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ሾፒፋይን የፈጠሩት ሰዎች በ2004 የበረዶ መንሸራተቻ በኦንላይን መሸጥ ፈልገው ነው የጀመሩት። በጊዜው የነበረው ሶፍትዌር ስላበሳጫቸው የራሳቸውን ሠሩ፤ በ2006 ለሌሎች ከፈቱት። ስለዚህ የዕቃ ክምችት፣ የቅናሽ ኮድ፣ የማጓጓዣ ሂሳብ ገና ከመሠረቱ የታሰበበት ነው። በወርድፕረስ በኩል ዉኮመርስ የሚባለው ፕለጊን (ወርድፕረስ ላይ የሚገጠም ተጨማሪ ፕሮግራም) ያንኑ ይሠራል፤ ጥገናው ግን እናንተ ላይ ነው። ሱቅ ደግሞ ቢቆም ጉዳቱ ወዲያው ኪስ ውስጥ ይሰማል። ዕቃ መሸጥ ዋና ሥራችሁ ከሆነና ቴክኒክ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ከሌለ ለየብቻ አትጀምሩ ነው የምለው።

«አንድ ቀን ሲስፋፋ» የሚለውን ሐሳብ ወረቀቱ ላይ አታስገቡት። ያልመጣውን ቀን እያሰቡ የተወሳሰበ ነገር የገነቡ፣ የመጀመሪያውን ገጽ እንኳ ሳይጨርሱ የቀሩ ብዙ አይቻለሁ።

ደረጃ 2፦ ሲበላሽ ማን ይነሳል?

መድረኩ ላይ ከሆናችሁ ሰርቨር ቢወድቅ የእነሱ ኢንጂነሮች ይነሳሉ። እናንተ ተኝታችኋል። በራሳችሁ ሆስቲንግ ላይ ከሆናችሁ የምትነሱት እናንተ ናችሁ።

የሥራው ዝርዝር ይሄ ነው። ወርድፕረስን፣ ቴሙን (የገጹን መልክ የሚወስነውን) እና ፕለጊኖቹን ማደስ። ሰርቨሩ ላይ ያለው ፒኤችፒ (ወርድፕረስ የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ) ሲያረጅ መቀየር። ባክአፕ መያዝ፣ የተያዘውም እንደሚሠራ ማየት። ማን መግቢያ እንዳለው መቆጣጠር። ወርድፕረስ ከ2013 ጀምሮ ትንንሽ የደህንነት አፕዴቶችን በራሱ ይጭናል። ከ2020 ወዲህ ፕለጊኖችም በራሳቸው እንዲታደሱ ማድረግ ይቻላል፤ ግን እናንተ ማብራት አለባችሁ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰርጎ ገቦች አብዛኛውን ጊዜ የሚገቡት በወርድፕረስ በራሱ ሳይሆን ተረስቶ በከረመ ፕለጊን በኩል ነውና።

ራሳችሁን የምትፈትኑበት ጥያቄ ልስጣችሁ። ባለፈው ዓመት የስልካችሁን ፎቶዎች ስንቴ ባክአፕ አደረጋችሁ? መልሱ «ዜሮ» ከሆነ ሰርቨር አትከራዩ። መድረክ ወይም ማኔጅድ ሆስቲንግ ውሰዱ። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ራስን ማወቅ ነው።

ሌላውም ወገን ይታይ እንጂ። መድረኩ ላይ ስትሆኑ ነገር ሲበላሽ እጃችሁ ታስሯል። አንድ ጊዜ በእንዲህ ያለ መድረክ የሠራሁት ገጽ ላይ «ያግኙን» የሚለው ቅጽ መልእክት ማድረስ አቆመ። አራት ቀን። በየቀኑ በቻት «እያየነው ነው» ይሉኛል። በራሴ ሰርቨር ላይ ቢሆን ያንን ፕለጊን ነቅዬ ሌላ እተካ ነበር፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ። እዚያ ግን ከመጠበቅ ሌላ የማደርገው አልነበረም።

ደረጃ 3፦ የሦስት ዓመት ሂሳብ ሥሩ

የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ደንበኛ መሳቢያ ነው። ሁለቱም ወገን ይህን ያደርጉታል። ስለዚህ ወረቀቱን በሦስት ክፈሉትና ለእያንዳንዱ ዓመት ለብቻ ጻፉ። ወርሃዊ ብለው በትልቁ የሚያሳዩት ዋጋም ብዙ ጊዜ የዓመቱን ባንድ ላይ ለሚከፍል ሰው ነው። ከታች ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ።

በመድረኩ በኩል የሚጻፈው፦ ወርሃዊው ሰብስክሪፕሽን፣ የመጀመሪያው ዓመት «ነጻ» የሆነው ዶሜይን በሁለተኛው ዓመት የሚጠይቀው፣ የኢሜይል ሳጥን፣ ለየብቻ የሚከፈልባቸው ተጨማሪ አፖች። ሱቅ ከሆነ ደግሞ ከእያንዳንዱ ሽያጭ የሚቆረጠው። ለምሳሌ ሾፒፋይ የራሱን የክፍያ አገልግሎት ትታችሁ በሌላ ድርጅት በኩል ከተቀበላችሁ ተጨማሪ ፐርሰንት ይወስዳል። የራሱ የክፍያ አገልግሎት ደግሞ በሁሉም አገር አይሠራም። ይህን ሳያዩ የገቡ ሰዎች የትርፋቸውን ጠርዝ ሲበላባቸው ነው የሚነቁት።

በሌላው በኩል፦ ዶሜይን፣ ሆስቲንግ በእድሳት ዋጋው (በማስታወቂያው ዋጋ አይደለም)፣ በየዓመቱ የሚታደስ የፕለጊን ፈቃድ ካለ፣ ባክአፕ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ሲቸግር የምትጠሩት ባለሙያ። ወርድፕረስ በነጻ ይወርዳል ማለት ዌብሳይቱ በነጻ ይቆማል ማለት እንዳልሆነ እዚህ ጋ ይታያችኋል። የራሳችሁንም ሰዓት ጻፉ። በወር ሁለት ሰዓት ብትሉ ብዙም አልተሳሳታችሁም።

የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፊኬት (በጎብኚውና በገጹ መካከል የሚያልፈውን የሚመሰጥረው)፣ ያቺ የቁልፍ ምልክት፣ ለብቻ እንድትገዙ የሚጎተጉት ሆስቲንግ ካጋጠማችሁ ተጠራጠሩ። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ሰርተፊኬት ሰጪ በ2015 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሰርተፊኬት ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ደህና ሆስቲንግ ሁሉ በራሱ ይጭንላችኋል።

ደረጃ 4፦ መውጫውን ፈትሹ

ዋናው ደረጃ ይሄ ነው። ማንም ግን አይሠራውም።

የሙከራ አካውንት ክፈቱ። ሁለት ገጽ፣ ሁለት ጽሑፍ፣ ጥቂት ፎቶ አስገቡ። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ «ኤክስፖርት» (ይዘቱን አውጥቶ ማውረጃ) የሚለውን ፈልጉ። ካገኛችሁት አውርዱና ፋይሉን ክፈቱት። ምን አለበት? ፎቶው አለ? ቀኑ አለ? ካላገኛችሁት ደግሞ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

የታወቁትን ልንገራችሁ። ዊክስ ላይ የሠራችሁትን ዌብሳይት እንዳለ አውጥታችሁ በሌላ ሆስቲንግ ላይ ማስቀመጥ አትችሉም። ለቃችሁ ስትወጡ ዲዛይኑ እዚያው ይቀራል፤ ገጾቹን ሌላ ቦታ እንደገና ትሠራላችሁ። ስኩዌርስፔስ ወርድፕረስ ሊያነበው የሚችል ፋይል ያወጣል፤ ግን ሁሉን አይደለም። ተራ ገጾችና የአንድ ብሎግ ጽሑፎች ይወጣሉ፤ የዕቃ መሸጫ ገጾቹና ዲዛይኑ አይወጡም። ሾፒፋይ የዕቃዎችን፣ የደንበኞችንና የትዕዛዞችን ዝርዝር በሰንጠረዥ ፋይል ያስወርዳችኋል። የደንበኞች ፓስወርድ ግን አብሮ አይወጣም፤ ሲዛወሩ ሁሉም እንደ አዲስ ማውጣት አለባቸው።

ወርድፕረስ ሁሉን ይሰጣል፤ ዳታቤዙም (ጽሑፋችሁ የሚጠራቀምበት መዝገብ) ፋይሉም በእጃችሁ ነው። ነገር ግን እዚያም አንድ ወጥመድ አለ። በዳሽቦርዱ (ወርድፕረስን በምትቆጣጠሩበት ገጽ) ላይ ያለው «ኤክስፖርት» የሚያወጣው ፋይል ጽሑፉን እንጂ ፎቶዎቹን አይዝም። የፎቶዎቹን አድራሻ ብቻ ነው የሚጽፈው። አዲሱ ዌብሳይት ያንን ፋይል ሲያስገባ ፎቶዎቹን ከድሮው ቦታ ሄዶ ያመጣል። ድሮውን አስቀድማችሁ ከዘጋችሁት የሚመጣ ፎቶ የለም። ይህን በመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት።

ለምን ይህን ያህል ትጨነቃለህ የሚል ካለ፣ ጂኦሲቲስን ያስታውስ። በ1994 የተጀመረ፣ ሰው በነጻ ገጹን የሚሠራበት ቦታ ነበር። ያሁ በ1999 ገዛው። በጥቅምት 2009 ዘጋው። ማስጠንቀቂያውን ያላዩ ሰዎች የዓመታት ሥራ እዚያው ቀረ። ይሄ የድሮ ነው ካላችሁ የቅርብም አለ። ጉግል በቢዝነስ ፕሮፋይል (ንግዶች በጉግል ላይ በሚታዩበት ገጽ) በኩል በነጻ ይሠራላቸው የነበሩትን የአነስተኛ ንግዶች ዌብሳይቶች በመጋቢት 2024 አጥፍቷል። ትልቅ ኩባንያ ስለሆነ አይዘጋም ማለት አይቻልም። ኩባንያው ይኖራል፤ አገልግሎቱ ነው የሚዘጋው።

እንዲህም ሆኖ «መድረክ አትጠቀሙ» እያልኩ አይደለም። አምስት ገጽ ብቻ ካላችሁ መውጫው ቢጠብም ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብላችሁ ሌላ ቦታ ትገለብጡታላችሁ። መውጫው የሚያሳስበው ይዘቱ በየሳምንቱ ለሚያድግ ሰው ነው።

ደረጃ 5፦ ዶሜይኑን በራሳችሁ ስም፣ ከመድረኩ ውጭ ግዙ

የትኛውንም ብትመርጡ ይህ አይቀየርም። መድረኩ «ዶሜይን በነጻ» ቢላችሁም ከሌላ የዶሜይን ሻጭ መግዛቱን እመርጣለሁ። ከመድረኩ ጋር ብትጣሉ ስሙ ከጠቡ ውጭ ይሆናል። አድራሻውን ወደ አዲሱ ቦታ ማዞር ብቻ ነው።

ስትገዙ የባለቤት ስም በሚለው ላይ የእናንተን ወይም የድርጅታችሁን ስም ጻፉ። ኢሜይሉ ሁልጊዜ የምታዩት ይሁን። ግን በዚያው ዶሜይን ላይ ያለ ኢሜይል አይሁን፤ ዶሜይኑ ሲያልቅ ኢሜይሉም አብሮ ይሞታል፣ ማስታወሻው አይደርሳችሁም። ሁለት ደረጃ ያለው መግቢያ አብሩ። በራሱ የሚታደስበትን አብሩ። እሱንም ሙሉ በሙሉ አትመኑት፤ ካርድ ጊዜው ያልፋል። ከማለቂያው አንድ ወር ቀደም ብሎ የሚጮህ ማስታወሻ ስልካችሁ ላይ ሙሉ።

ጊዜው ካለፈስ? እንደ ዶት ኮም ባሉት ላይ ስሙ ወዲያው አይሸጥም። ከተሰረዘ በኋላም እንኳ የ30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለ፤ ቅጣቱ ግን ከመደበኛው ዋጋ በብዙ ይበልጣል። እኔ ያንን ጊዜ ሳላውቅ አሳለፍኩት።

ሌላ ሰው የሚሠራላችሁ ከሆነ ደግሞ አካውንቱን እናንተ ክፈቱ፣ ለእሱ መግቢያ ስጡት። ብዙ ሻጮች ፓስወርድ ሳይሰጡ ሌላ ሰው የማስገቢያ መንገድ አላቸው። ባለሙያው ቅር የሚለው ከሆነ ሌላ ባለሙያ ፈልጉ።

ደረጃ 6፦ አንድ ቅዳሜና እሁድ ሞክሩ

አሁን ሁለት ዕጩ ይዛችኋል። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ገጽ ሥሩ፤ ግን ቆንጆውን ገጽ አይደለም። በጣም የሚያስቸግረውን ገጽ። የዋጋ ዝርዝሩን፣ ረጅሙን ጽሑፍ፣ ሃያ ፎቶ ያለውን። ቴምፕሌት ሁሉ በማሳያው ላይ ያምራል፤ ፎቶዎቹን ያነሳው ባለሙያ ነዋ። የእናንተ በስልክ የተነሳ ፎቶ ሲገባበት ነው የሚታየው።

በግዕዝ ፊደል የምትጽፉ ከሆነ ሁለት ነገር ፈትሹ። አንደኛው ፎንቱ ነው። ብዙ ቴምፕሌት የሚመጣበት ፎንት የእኛን ፊደል አልያዘም፤ ብራውዘሩ ከስልኩ ወይም ከኮምፒውተሩ ሌላ ፈልጎ ይተካል። ሊወፍር የሚገባው ርዕስ የሳሳ፣ መስመሩም የተጨናነቀ ይሆናል። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት ማስገባት ይፈቅድ እንደሆነ እዩ።

ሁለተኛው የገጹ ሊንክ ነው። ርዕሱን በአማርኛ ስትጽፉ ሊንኩም ከርዕሱ ይወሰዳል። ያንን ኮፒ አድርጋችሁ ለሰው ስትልኩ አንዷ ፊደል በፐርሰንት ምልክት ታጅባ 9 ቁምፊ ትሆናለች። ሦስት ቃል ያለው ርዕስ የእባብ ያህል ይረዝማል። ወርድፕረስ ደግሞ ለዚህ የሚሰጠው ቦታ 200 ቁምፊ ነው፤ ከሃያ ጥቂት ፊደል በላይ አይዝም፣ የቀረውን ይቆርጠዋል። ስለዚህ የሊንኩን ስም በእጃችሁ፣ በላቲን ፊደል፣ አጠር አድርጋችሁ ጻፉ። መድረኩ ይህን እንድትቀይሩ መፍቀዱን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ።

ከዚያ በስልክ፣ ዋይፋይ አጥፍታችሁ ክፈቱት። ቀርፋፋ ነው? በመጨረሻ ገጹን ወደፊት የሚያድሰውን ሰው አስቀምጡትና «ይህን ፎቶ ቀይር» በሉት። አትርዱት፤ ዝም ብላችሁ እዩ። እሱ ካልቻለ ምርጫው ስህተት ነው።

ደረጃ 7፦ መድረኩን ከመረጣችሁ

ብዙ የሚባል የለም። ቴምፕሌቱን ረጋ ብላችሁ ምረጡ፤ ዊክስ ላይ አንዴ ከጀመራችሁ በኋላ ቴምፕሌት መቀየር እንደ አዲስ መጀመር ነውና። የመጀመሪያውን ሦስት ወር በየወሩ ክፈሉ፤ ከረካችሁ ወደ ዓመታዊው ዞሩ። ጽሑፋችሁን ሁሉ መጀመሪያ በኮምፒውተራችሁ ላይ ጽፋችሁ ነው መለጠፍ፤ ፎቶዎቹንም በዋናው መጠናቸው በአንድ ፎልደር አኑሩ። ኤክስፖርቱ የማይሰጣችሁን ለራሳችሁ ሰጣችሁ ማለት ነው። የደንበኞችን ኢሜይል ዝርዝር በየወሩ አውርዱ።

ደረጃ 8፦ ለየብቻ መጫኑን ከመረጣችሁ

ሆስቲንግ ስትመርጡ ሦስት ነገር ጠይቁ። ባክአፕ በየስንት ጊዜ ይያዛል፣ እኔስ ራሴ ማውረድ እችላለሁ? የፒኤችፒውን ቨርዥን ራሴ መቀየር እችላለሁ? ሌሊት ብጽፍላችሁ ማን ይመልስልኛል? ሦስተኛውን ከመክፈላችሁ በፊት በሌሊት ጽፋችሁ ሞክሩት።

ከዚያ ሆስቲንግ ድርጅቱ የሚሰጣችሁን «ኔምሰርቨር» አድራሻዎች (ዶሜይኑን ወደ ሰርቨሩ የሚመሩትን) ወስዳችሁ ዶሜይኑን የገዛችሁበት ቦታ ላይ አስገቡ። ለውጡ በሁሉም ቦታ እስኪታይ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ አልሠራም ብላችሁ እንዳትነካኩት። ሆስቲንግ ፓነሉ ውስጥ ወርድፕረስን በአንድ ክሊክ የሚጭን አለ፤ እሱን ተጠቀሙ። የአስተዳዳሪውን ስም «አድሚን» አትበሉ። ፓስወርዱ ረጅም ይሁን። ኤችቲቲፒኤስ መብራቱን እዩ።

ፕለጊን ላይ ቆጠብ በሉ። ከመጫናችሁ በፊት መጨረሻ የታደሰበትን ቀን እዩ። ከዓመት በላይ ካልተነካ ይቅርባችሁ። የማትጠቀሙበትን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ሰርዙት። ጠፍቶ የተቀመጠ ፕለጊን ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ አለ፤ ቀዳዳውም አብሮ አለ።

አሁን ባክአፕ። የወርድፕረስ ዌብሳይት ሁለት ክፍል አለው፤ ዳታቤዙ ጽሑፋችሁን ይዟል፣ «ደብሊውፒ ኮንተንት» የሚባለው ፎልደር ፎቶዎቹን፣ ቴሙንና ፕለጊኖቹን ይዟል። አንዱ ብቻ ያለው ባክአፕ ግማሽ ባክአፕ ነው። ሁለቱንም በየሳምንቱ በራሱ የሚይዝ ፕለጊን ጫኑና ቅጂው ከሰርቨሩ ውጭ እንዲላክ አድርጉ።

«ከሰርቨሩ ውጭ» የሚለውን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። መጋቢት 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ያለው ኦቪኤች የተባለ የሆስቲንግ ድርጅት የመረጃ ማዕከል በእሳት ተቃጠለ። ባክአፕ አለን ብለው የተማመኑ ደንበኞች ነበሩ፤ የአንዳንዶቹ ባክአፕ የተቀመጠው እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። አብሮ ነደደ።

ከሁሉ በፊት ደግሞ አንድ ጊዜ ባክአፑን መልሳችሁ አስነሱት። ባዶ የሙከራ ቦታ ላይ። ሰዓት ያዙ። ሲነሳ ካላያችሁት ባክአፕ አለኝ አትበሉ።

ደረጃ 9፦ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ

ይቀየራል። በመድረክ ጀምሮ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ወርድፕረስ መሄድ የተለመደ ነው፤ ሰርቨር ሰልችቶት ወደ መድረክ የተመለሰም አውቃለሁ። ቅደም ተከተሉን ብቻ አትሳቱ።

አዲሱን ሠርታችሁ ጨርሱ፣ ድሮው እየሠራ። የድሮውን ገጾች አድራሻ ሁሉ በዝርዝር ጻፉ፤ በእያንዳንዱ ትይዩ አዲሱን አድራሻ። ከዚያ «301» የሚባለውን የቋሚ ማዞሪያ በአዲሱ ላይ አስገቡ፤ ሰው በድሮው ሊንክ ሲመጣ ወደ አዲሱ ይወሰዳል፣ የፍለጋ ሞተሮችም ገጹ ቦታ እንደቀየረ ይረዳሉ። ይህን የዘለለ ሰው ከፍለጋ የሚመጣለት ጎብኚ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲጠፋ «አዲሱ ዲዛይን አልተወደደም» ይላል። ዲዛይኑ ምንም አላደረገም።

ዶሜይኑን ወደ ሌላ ሻጭ ማዛወር የግድ አይደለም፤ ማዞር ይበቃል። ማዛወር ከፈለጋችሁ ግን አዲስ የተገዛ ዶሜይን አብዛኛውን ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት እንደሚቆለፍ እወቁ።

ኔምሰርቨሩን ከመቀየራችሁ በፊት ኢሜይላችሁ በዚያው ዶሜይን ላይ ከሆነ የዲኤንኤስ ዝርዝሩን (ዶሜይኑ ወዴት እንደሚያደርስ የሚናገረውን መዝገብ) ስክሪንሾት አንሱ። በተለይ «ኤምኤክስ» የሚሉትን መስመሮች፤ ደብዳቤው ወዴት እንደሚሄድ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። አዲሱ ቦታ ላይ እንዳሉ አስገቡ፣ ከሌላ ኢሜይል ለራሳችሁ ደብዳቤ ላኩ፣ መድረሱን እዩ። የድሮውን ሰብስክሪፕሽን የምትሰርዙት ከዚያ አንድ ወር ቆይታችሁ ነው።